ኪራይ አስተዳዳሪ መቀየር፦ ከማስታወቂያ ደብዳቤው በፊት የሚያልቀው ሥራ

ቤቱን በእሱ ፈንታ የሚያከራየውንና ኪራይ የሚሰበስብለትን አስተዳዳሪ ለመቀየር የሚነሳ የቤት ባለቤት አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ተናዶ ነው። የወሩ ሂሳብ ዘግይቷል፣ ስልክ አይነሳም፣ ማንም ያላዘዘው ጥገና ተሠርቶ ተከፍሎበታል። በዚያው ንዴት "ከዛሬ ጀምሮ ውላችን ፈርሷል" ብሎ ይጽፋል። ደብዳቤው በወጣበት ሰዓት ግን የኪራይ ውሎቹ፣ ተከራዮቹ ሲገቡ ያስያዙት፣ ሲወጡ የሚመለስላቸው መያዣ ገንዘብ፣ ቁልፎቹ፣ ቤቶቹ ሲከራዩ የተነሱት ፎቶዎች፣ የተከራዮቹ ስልክ ቁጥር ሳይቀር በአስተዳዳሪው እጅ ናቸው። ቤቱ በባለቤቱ ስም ይመዝገብ እንጂ ቤቱን የሚያንቀሳቅሰው ነገር ሁሉ ሌላ ሰው ጋ ነው። ርክክቡ የሚሳካው ወይም የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፦ ወረቀቱና ገንዘቡ የት እንዳለ፣ ስንት እንደሆነና በምን መንገድ እንደሚመለስ ከደብዳቤው በፊት ታውቋል ወይስ አልታወቀም።

ከዚህ በታች ያለው ከአንድ ቤት ጀምሮ ብዙ ክፍሎች እስካለው ሕንፃ ድረስ ለሚያከራይ ሰው ይሠራል። ሕጉ ከአገር አገር ይለያያል፤ በተለይ የመያዣ ገንዘብ አያያዝና ውል ለማቋረጥ የሚሰጥ የማስታወቂያ ጊዜ ላይ ያላችሁበትን ቦታ ሕግ ሳታዩ ምንም እርምጃ አትውሰዱ።

መቀየር ነው ወይስ ማስተካከል?

ሁሉም ቅሬታ አስተዳዳሪ አያስቀይርም። ሪፖርት በየወሩ በተለያየ ቀን መምጣቱ፣ ለኢሜይል መልስ መዘግየቱ፣ የትኛው ጥገና ፈቃድ እንደሚያስፈልገው ግልጽ አለመሆኑ፣ እነዚህ በአንድ ስብሰባና በአንድ ገጽ ጽሑፍ የሚስተካከሉ ናቸው። ችግሮቹን ከነቀናቸው ዘርዝራችሁ ጻፉ፣ ለእያንዳንዱ ምን እንደምትፈልጉ አስቀምጡ፣ 30 ቀን ስጡ። ከተስተካከለ መልካም፤ ካልተስተካከለም ያ ወረቀት ኋላ "ውሉን ያፈረሰው አስተዳዳሪው ነው" ለማለት ዋናው ማስረጃችሁ ይሆናል። ብዙ ውሎች ላይ በምክንያት ማቋረጥና ያለ ምክንያት ማቋረጥ የተለያየ ዋጋ ስላላቸው ይህ ልዩነት በገንዘብ የሚተመን ነው።

የማይስተካከሉትም አሉ። የተከራዮች መያዣ ገንዘብ የት እንዳለ ማሳየት ያልቻለ፣ ከተከራይ የተቀበለውን ኪራይ ለባለቤቱ ያላሳወቀ፣ ባዶ የሆነ ቤት እንደተከራየ ወይም የተከራየውን ባዶ እንደሆነ አድርጎ ያቀረበ፣ የራሳችሁን የኪራይ ውል ቅጂ ስትጠይቁት ሰበብ የሚደረድር አስተዳዳሪ ጋ ስለ ማሻሻያ መነጋገር ጊዜ ማባከን ነው። ከእነዚህ አንዱን ካያችሁ በቀጥታ ወደ መውጫው ሂዱ።

ሦስተኛ ዓይነት ችግርም አለ፤ ባለቤቶች ሊሰሙት አይወዱም። አንዳንዴ ጥገናው የሚጓተተው አስተዳዳሪው ዘንድ ለወጪ የሚቀመጠው መጠባበቂያ ገንዘብ ባዶ ስለሆነና ባለቤቱ ለእያንዳንዱ ወጪ ሳምንት እየወሰደ ስለሚፈቅድ ነው። ቧንቧ ሠሪው ያለፈው ሂሳብ ካልተከፈለው አይመጣም። እንዲህ ያለ ቤት አስተዳዳሪ ቢቀየርለትም ከሦስት ወር በኋላ እዚያው ቅሬታ ላይ ይገኛል።

የወሩን ሪፖርት እንደ ሂሳብ ሠራተኛ ማንበብ

ብዙ ባለቤት የሚያየው የመጨረሻዋን መስመር ብቻ ነው፤ ስንት ገባልኝ የሚለውን። እውነቱ ያለው ከእሷ በላይ ባሉት መስመሮች ውስጥ ነው።

ለምሳሌ እያንዳንዳቸው በወር 1,000 የሚከራዩ 10 ክፍሎች አሉ እንበል። ሊሰበሰብ የሚገባው 10,000 ነው። አንዱ ክፍል ባዶ ነው፣ ሁለት ተከራዮች አልከፈሉም፤ የተሰበሰበው 7,000 ነው። የአስተዳደር ክፍያው 8 በመቶ ቢሆን፣ ውሉ "ከተሰበሰበው" የሚል ከሆነ 560 ይቆረጣል፤ "ሊሰበሰብ ከሚገባው" የሚል ከሆነ ግን 800። አንድ ቃል በወር 240 ይለያያል። ከገንዘቡ ይልቅ የሚከፋው ግን በሁለተኛው አጻጻፍ አስተዳዳሪው ውዝፍ ቢያስለቅቅም ባያስለቅቅም ክፍያው ያው መሆኑ ነው። "ከተሰበሰበው" የሚለውን ቃል ያልያዘ ውል ባይፈረም ይሻላል።

ቀጥሎ ጥገና። ሠራተኛው የጠየቀው 500 ነው፤ ሪፖርቱ ላይ 550 ተጽፏል። ልዩነቱ አስተዳዳሪው ለማስተባበር የጨመረው 10 በመቶ ነው። በውሉ ከተጻፈ ስህተት የለበትም፤ ካልተጻፈ ግን ያልተስማማችሁበት ክፍያ ነው። ይህን ማወቅ የምትችሉት የሠራተኛው የራሱ ደረሰኝ ሲያያዝ ነው። በአስተዳዳሪው አርማ የታተመ ማጠቃለያ አይበቃም። ደረሰኙ ላይ የሠሪው ስም፣ ቀን፣ የክፍል ቁጥርና የተሠራው ሥራ መኖር አለበት፤ "ልዩ ልዩ ጥገና" የሚል ደረሰኝ ወደ አስተዳዳሪው መመለስ አለበት። ከዚያ 300 ለመጠባበቂያ ቢያዝ፣ ለባለቤቱ የሚላከው 7,000 ሲቀነስ 560፣ ሲቀነስ 550፣ ሲቀነስ 300፣ ማለትም 5,590 ነው። ይህ ቁጥር ባንካችሁ ከገባው ጋር እስከ ሳንቲሙ መግጠም አለበት።

በዚሁ ሪፖርት ላይ ዓይናችሁን የምትጥሉባቸው ሌሎች ቦታዎች አሉ። የዚህ ወር መነሻ ሂሳብ ካለፈው ወር መዝጊያ ጋር እኩል ነው? ካልሆነ በመካከል አንድ ሰው ያለፈውን ወር ነካክቷል፣ ለምን እንደሆነም መጻፍ ነበረበት። ያለፈቃድ የማውጣት ጣሪያው 300 ከሆነና በአንድ ሳምንት ውስጥ 290፣ 285፣ 295 የሚሉ ሦስት ደረሰኞች ለአንድ ክፍል ከመጡ፣ አንድ ትልቅ ሥራ ከጣሪያው በታች እንዲያልፍ ተከፋፍሎ ሊሆን ይችላል። የአንዱ ክፍል የውኃ መፍሰስ በየሁለት ወሩ የሚመለስ ከሆነ ደግሞ የሚከፈለው ለማድረቅና ለመቀባት እንጂ ለተበላሸው ቧንቧ አይደለም።

ከሁሉም በላይ መያዣው። የተከራዮች መያዣ ገቢ አይደለም፤ ተመላሽ ዕዳ ነው። ዘጠኙ ተከራዮች እያንዳንዳቸው የአንድ ወር ኪራይ አስይዘው ከሆነ 9,000 በሆነ ቦታ መኖር አለበት። ሦስት ቁጥሮች ጎን ለጎን ይቀመጡ፦ በባንክ የመያዣ ሂሳብ ውስጥ ያለው፣ በአስተዳዳሪው መዝገብ ላይ የተጻፈው፣ የእያንዳንዱ ተከራይ መያዣ በዝርዝር ሲደመር የሚመጣው። ሦስቱ እኩል ካልሆኑ የጎደለው በአንድ ሰው ወጪ ላይ ውሎ ሊሆን ይችላል። በብዙ ቦታ የመያዣ ገንዘብ ከድርጅቱ የሥራ ሂሳብ ተለይቶ እንዲቀመጥ ሕግ ያስገድዳል፤ ሕግ በማያስገድድበትም ውሉ ላይ አስገድዱት።

ስለ መቶኛው አንድ ነገር ልበል። ባለቤቶች በ8 እና በ10 በመቶ መካከል ብዙ ይከራከራሉ። 2 በመቶ በዓመት ሲሰላ የ0.24 ወር ኪራይ ነው፤ ወደ ሰባት ቀን ገደማ። ባለ 10 በመቶው ባዶ ቤት ከባለ 8 በመቶው ሁለት ሳምንት ቀድሞ የሚያከራይ ከሆነ ርካሹ እሱ ነው። ስለዚህ ከመቶኛው በፊት የሚጠየቀው ተከራይ በወጣና አዲስ ተከራይ በገባ መካከል ስንት ቀን እንደሚያልፍ ነው።

የነባሩ ውል

ውሉን አውጡና እርሳስ ይዛችሁ አንብቡት። የመጀመሪያው የምትፈልጉት አንቀጽ ስለ ቆይታና እድሳት የሚለው ነው። ብዙ ውሎች ማንም ካልተናገረ በራሳቸው ለአንድ ዓመት ይታደሳሉ። ውሉ ሰኔ 30 የሚያልቅ ሆኖ "ከ60 ቀን በፊት በጽሑፍ ካልተገለጸ ይታደሳል" የሚል ከሆነ፣ ማስታወቂያው እስከ ሚያዝያ 30 መድረስ አለበት። መድረስ ነው የምለው፤ መላክ አላልኩም። ቀኑ የሚቆጠረው ከተላከበት ነው ወይስ ከደረሰበት የሚለውን ውሉ ካልተናገረ ከደረሰበት እንደሚቆጠር አድርጋችሁ ተዘጋጁ፣ አንድ ሳምንትም ጨምሩበት።

ሁለተኛው የመውጫ ክፍያ ነው። አንዳንዱ ውል የተወሰነ መጠን ያስቀምጣል፣ አንዳንዱ የቀሩትን ወራት የአስተዳደር ክፍያ በሙሉ ይጠይቃል። አስሉት። ቀሪው ሦስት ወር ብቻ ከሆነ አንዳንዴ ውሉ እስኪያልቅ መታገስ ከመክፈል ይረክሳል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሰነዱን ታሰባስባላችሁ።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያስተውለው ነው፦ አስተዳዳሪው ያመጣው ተከራይ እዚያው ቤት እስካለ ድረስ፣ ወይም ውሉን ባደሰ ቁጥር፣ ውላችሁ ከፈረሰ በኋላም ኮሚሽን ይከፈላል የሚል አንቀጽ። ይህ ካለ በአንድ ተከራይ ምክንያት ለአዲሱም ለአሮጌውም አስተዳዳሪ ትከፍላላችሁ። በዚህ ላይ ተደራድራችሁ በአንድ ጊዜ ክፍያ ማስዘጋት ይቻላል፤ ስምምነቱን ግን በጽሑፍ አድርጉት። ቤቱን ለተከራዩ ብትሸጡ ኮሚሽን ይገባኛል የሚል አንቀጽም ከዚሁ ጋር ተጣብቆ ይገኛል።

አራተኛ፣ የኪራይ ውሎቹ ላይ አከራይ ተብሎ የተጻፈው ማን ነው? "እገሌ፣ በወኪሉ በእገሌ በኩል" ከሆነ ቀላል ነው። አከራይ ሆኖ የተጻፈው አስተዳዳሪው ራሱ ከሆነ ግን እያንዳንዱ ውል ወደ ባለቤቱ ወይም ወደ አዲሱ አስተዳዳሪ በጽሑፍ መተላለፍ አለበት፤ ይህ የሕግ ባለሙያ የሚያይላችሁ ሥራ ነው።

ወረቀቱን አስቀድሞ መያዝ

ከማስታወቂያው በፊት የሚሰበሰቡት እነዚህ ናቸው፦ የሁሉም ክፍሎች የተፈረሙ ውሎችና ማሻሻያዎች፤ የተከራዮች ሙሉ ስምና ስልክ፤ የእያንዳንዱ ተከራይ የክፍያ ታሪክ ከገባበት ቀን ጀምሮ፤ የመያዣ ዝርዝር፤ ሲገቡ የተሞላው የቤቱ ሁኔታ መግለጫ ከነፎቶው፤ ያለፉት 12 ወራት ሪፖርቶችና ደረሰኞች፤ የዕቃዎችና የሥራዎች ዋስትና ወረቀቶች፤ ለተከራዮች የተሰጡ ማስጠንቀቂያዎች። የራሳችሁ ንብረት መረጃ ስለሆነ ለመጠየቅ ምክንያት አያስፈልጋችሁም። በዓመት አንድ ጊዜ ሙሉውን ፋይል መጠየቅ ልማድ ከሆነ ደግሞ ጥያቄው ማንንም አያስደነግጥም።

ከእነዚህ ሁሉ ጠፍቶ የሚያስቆጨው የቤቱ ሁኔታ መግለጫ ነው። ተከራዩ ሲገባ ግድግዳው፣ ወለሉ፣ የመታጠቢያ ቤቱ ዕቃ ምን ይመስል እንደነበር የሚያሳይ የተፈረመ ወረቀት ከሌለ፣ ሲወጣ ከመያዣው ላይ ለጉዳት መቀነስ በጣም ይከብዳል። አሮጌው አስተዳዳሪ ከሌለው አዲሱ በተረከበ በመጀመሪያው ወር፣ ለተከራዩ በቂ ማሳሰቢያ ሰጥቶ፣ ክፍል በክፍል ፎቶ አንስቶ ተከራዩን ያስፈርም። ያለፈውን አይመልስም፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ግን ይይዛል።

አስተዳዳሪው ተከራዮች የሚከፍሉበት የኢንተርኔት ሲስተም ካለው፣ መዝገቡን አውርዱ። ውሉ ባለቀ ማግስት የመግቢያ ፈቃዳችሁ ይዘጋና የዓመታት የክፍያ ታሪክ አብሮ ይሄዳል።

አዲሱን መምረጥ

አሮጌውን ከመሰናበታችሁ በፊት አዲሱ መፈረም አለበት፤ መካከል ላይ ማንም የማያስተዳድረው ሳምንት አይኑር። ቃለ መጠይቅ ላይ ሁሉም ጥሩ ይናገራል፤ ስለዚህ ወረቀት ጠይቁ። የተከራዮች ስም የተሸፈነበት እውነተኛ የወር ሪፖርት ያሳያችሁ። አንድ ሰው ስንት ክፍል እንደሚይዝ፣ ሌሊት ውኃ ቢፈነዳ ስልኩን ማን እንደሚያነሳ፣ የጥገና ድርጅቱ የራሱ ወይም የዘመድ መሆን አለመሆኑን ጠይቁ። የራሱ መሆኑ በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ከአንድ ከተወሰነ መጠን በላይ ለሆነ ሥራ ሁለት የዋጋ ማቅረቢያ ከውጭ እንዲያመጣ ግን ውሉ ላይ ይጻፍ።

ስለ አስተዳዳሪዎቹ የሚመሰክር ደንበኛ ስትጠይቁ አብሯቸው ያለውን ብቻ ሳይሆን ትቷቸው የሄደ ባለቤት ስጡኝ በሉ። ሲለያዩ መያዣውን በስንት ቀን እንዳስረከቡ የሚያውቀው እሱ ነው።

አዲሱ ውል ላይ መውጫውን አሁን ጻፉት፤ ሁለቱም ወገን ደስ ባለው ጊዜ የማይከብድ ነገር በኋላ ይከብዳል። ያለ ምክንያት በ30 ቀን ማስታወቂያ ማቋረጥ እንደሚቻል፤ ውሉ ባለቀ በ5 የሥራ ቀን ውስጥ ሰነድ፣ ቁልፍና መያዣ እንደሚመለስ፤ የመጨረሻው ሂሳብ በ30 ቀን ውስጥ እንደሚቀርብ፤ ሰነዱ ሁሉ የባለቤቱ መሆኑን። በዚህ ላይ የሚያንገራግር አስተዳዳሪ ሌላው ሁሉ ቢያምርለትም ተዉት።

ቀኑና ደብዳቤው

ኪራይ በወሩ መጀመሪያ የሚከፈል ከሆነ ርክክቡ በወሩ አጋማሽ ላይ ቢውል ይሻላል፤ የዚያ ወር ኪራይ ተሰብስቦ ሪፖርት ተደርጓል፣ የሚቀጥለው ገና አልመጣም። ተከራይ ሊወጣ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ወይም ባልከፈለ ተከራይ ላይ የተጀመረ የፍርድ ቤት ጉዳይ መካከል ላይ፣ ባይሆን ጥሩ ነው። የግድ ከሆነ የቀጠሮው ቀንና ፋይሉ ለብቻው በፊርማ ይተላለፍ። የቀጠሮ ቀን በሁለት ቢሮ መካከል ወድቆ ሲቀር ጉዳዩ እንደገና ከዜሮ ሊጀመር ይችላል።

ደብዳቤው አጭር ይሁን። የውሉ ቀን፣ የምትጠቀሙበት አንቀጽ፣ የሚያበቃበት ቀን፣ የርክክብ ቀንና ቦታ፣ የሚረከበው ሰው ስም። ከዚያ አንድ ወሳኝ አንቀጽ ጨምሩ፦ ከዚህ ቀን ጀምሮ ያለ ባለቤቱ የጽሑፍ ፈቃድ አዲስ ውል አይፈረም፣ ውል አይታደስ፣ ለሕይወትና ለንብረት ከሚያሰጋ ድንገተኛ ጥገና በቀር ወጪ አይደረግ። ይህ ካልተጻፈ በማስታወቂያው ወር ውስጥ ኮሚሽን የሚያስገኝ ውል ተፈራርሞ፣ አዲሱ አስተዳዳሪ ያልመረጠውን ተከራይ ሊረከብ ይችላል። ቅሬታችሁን ደብዳቤው ላይ አትዘርዝሩ፤ በምክንያት የምታቋርጡ ከሆነ ብቻ ያስፈልጋል። ውሉ በሚያዘው መንገድ ላኩ፣ የደረሰበትን ማረጋገጫም ያዙ። ውሉ "በአደራ ደብዳቤ" ካለ በቴሌግራም የተላከ መልእክት ማስታወቂያ ላይሆን ይችላል።

ውክልና ሰጥታችሁ ከሆነ የውሉ መቋረጥ ብቻ አይበቃም። ውክልናውን በሰጣችሁበት አኳኋን ሻሩት፣ የመሻሪያውን ቅጂም ለባንኩ፣ ለመብራትና ለውኃ ድርጅቶች፣ ለኢንሹራንሱ ስጡ።

ርክክቡ

ጠረጴዛ ላይ ዝርዝር ተይዞ ይቀመጥ፤ እያንዳንዱ መስመር ሲረከብ ይፈረምበት። ቁልፎች በቁጥር ሳይሆን በበር ይቆጠራሉ፦ የትኛው ክፍል፣ የትኛው በር፣ ስንት ቅጂ፣ የጋራዥ ሪሞት፣ የሜትር ሳጥን ቁልፍ፣ የጣሪያ መውጫ። እያንዳንዱ በሩ ላይ ይሞከር። የካሜራና የኤሌክትሮኒክ መቆለፊያ የይለፍ ቃሎች በዚያው ቀን ይቀየሩ።

የቆጣሪ ንባብ በፎቶ ይያዝ፤ በአስተዳዳሪው ስም የተከፈቱ የመብራት፣ የውኃ፣ የቆሻሻ ማንሳት ውሎች ካሉ ስማቸው ይዛወር። ይህ ሲረሳ አሮጌው አስተዳዳሪ ሂሳቡን ያቋርጥና መብራት የሚጠፋው ተከራዩ ላይ ነው። ኢንሹራንሱ ላይ የአሮጌው ስም ወጥቶ የአዲሱ ይግባ። ኢንተርኔት ላይ ያሉት "የሚከራይ ቤት" ማስታወቂያዎች ይውረዱ፤ ያልወረደ ማስታወቂያ ቤት ፈላጊዎችን ወደ አሮጌው ቢሮ ይወስዳል።

ገንዘቡ በአራት የተለያየ መስመር ይተላለፋል፣ አንድ ላይ አይደባለቅም፦ የተከራዮች መያዣ፣ አስቀድሞ የተከፈለ ኪራይ፣ የመጠባበቂያው ቀሪ፣ ለባለቤቱ ያልተላከ ገቢ። መያዣው ከእያንዳንዱ ተከራይ ስምና መጠን ዝርዝር ጋር ይሂድ። በአንዳንድ አገሮች መያዣ የሚቀመጠው ሕግ በሚያውቀው ሦስተኛ አካል ዘንድ ነው፤ በዚያ ጊዜ ገንዘቡ ሳይንቀሳቀስ የተመዘገበው ስም ይቀየራል። በአንድ ጅምላ ቁጥር የተላከ ገንዘብ ከአንድ ዓመት በኋላ ተከራይ ሲወጣ የማን እንደነበር አይታወቅም፤ ተከራዩም የሚጠይቀው ባለቤቱን ነው።

በሂደት ላይ ያሉ ጥገናዎች ለብቻቸው ይጻፉ፦ ማን ጠየቀ፣ መቼ፣ ለማን ታዘዘ፣ ቅድሚያ ተከፍሏል ወይ። ለተከራዮች አስተዳዳሪ መቀየሩ በመጀመሪያ የሚሰማቸው እዚህ ላይ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ያስመዘገቡትን የሚያፈስ ጣሪያ እንደገና እንዲያስረዱ ሲጠየቁ አዲሱን ገና ሳያውቁት ያዝኑበታል።

ተከራዮቹ

በማስታወቂያው ጊዜ ውስጥ ለእያንዳንዱ ተከራይ አንድ ገጽ የማረጋገጫ ቅጽ ይሰጥ። የወር ኪራዩ ስንት ነው፣ እስከ የትኛው ወር ከፍሏል፣ አስቀድሞ የከፈለው አለ ወይ፣ ስንት አስይዟል፣ በቃል የተገባለት ነገር አለ ወይ፣ ያልተሠራለት ጥገና ምንድን ነው፣ ስንት ቁልፍ ይዟል። ፈርሞ ይመልስ። ይህን ቅጽ ከአስተዳዳሪው መዝገብ ጋር ስታስተያዩ ልዩነቶቹ ይወጣሉ። መዝገቡ "ሁለት ወር ውዝፍ" የሚለው ተከራይ ደረሰኝ ያሳያል፤ ሌላው ግድግዳውን ቀብቶ ከኪራይ እንዲታሰብለት በቃል ተነግሮታል። አሮጌው አስተዳዳሪ ገና በሥራው ላይ ሳለ እነዚህን መጠየቅ ይቻላል፤ ከወጣ በኋላ ግን የተከራይ ቃል ብቻ ይቀራል።

የመክፈያ ሂሳብ መቀየር ለአጭበርባሪዎች የተመቸ ጊዜ ነው፤ "ከአሁን በኋላ በዚህ ሂሳብ ክፈሉ" የሚል መልእክት ማንም ሊልክ ይችላል። ስለዚህ ደብዳቤው በአሮጌውና በአዲሱ አስተዳዳሪ፣ ከተቻለም በባለቤቱ ተፈርሞ፣ በእጅ ይድረስ። ይዘቱ እንዲህ ቢሆን ይበቃል፦

"ለክፍል ቁጥር … ተከራይ። ከ… ቀን ጀምሮ የዚህን ቤት አስተዳደር … ከ… ተረክቧል። የኪራይ ውልዎ፣ የኪራይ መጠንዎና የመክፈያ ቀንዎ አልተቀየሩም። ያስያዙት … ወደ አዲሱ የመያዣ ሂሳብ ተላልፏል። የ… ወርን ኪራይ እስካሁን በሚከፍሉበት ሂሳብ ይክፈሉ፤ ከ… ወር ጀምሮ ግን ከታች በተጻፈው ይከፍላሉ። በባንክ ቋሚ የክፍያ ትእዛዝ ካለዎት እባክዎ ይቀይሩት። ያሳወቁት ጥገና ካለ ተመዝግቦ ተላልፏል። ይህን ደብዳቤ ለማረጋገጥ በኪራይ ውልዎ ላይ ባለው ስልክ መደወል ይችላሉ።"

መያዣው በትክክል ሳይተላለፍ "ተላልፏል" የሚለው መስመር አይጻፍ። ምን ያህል ብታሳውቁም አንድ ሁለት ሰው በአሮጌው ሂሳብ መክፈሉ አይቀርም፤ ስለዚህ ለሁለት ወር ያህል የሚገባውን ገንዘብ አሮጌው በ5 የሥራ ቀን እንዲያስተላልፍ አስቀድሞ ይፈረም። በዚያ ጊዜ በተሳሳተ ሂሳብ በከፈለ ተከራይ ላይ የመዘግየት ቅጣት አይጣል። እሱ ከፍሏል።

የመጨረሻው ሂሳብና የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት

አሮጌው አስተዳዳሪ ለዘገዩ ደረሰኞች ጥቂት ገንዘብ ይዞ ለመቆየት ሊጠይቅ ይችላል። ምክንያታዊ ነው፤ መጠኑና ቀኑ ግን ይወሰን፣ ከመያዣው ላይ አይሁን። ጥገና ሠሪዎቹንም ራሳችሁ ጠይቁ፦ "ከዚህ ቤት ያልተከፈላችሁ አለ?" የመጨረሻው ሪፖርት ሲመጣ መጠባበቂያው ዜሮ፣ መያዣው ዜሮ፣ የባለቤቱ ሂሳብም ዜሮ ማሳየት አለበት። ከዜሮ ውጭ የሆነ መስመር ካለ ስምና ማብራሪያ ይኑረው። ገንዘብ ካልተመለሰ መጀመሪያ በዝርዝር የጽሑፍ ጥያቄ፣ ቀጥሎ አስተዳዳሪዎችን የሚፈቅደውና የሚቆጣጠረው አካል ካለ ለእሱ፣ ከዚያ ፍርድ ቤት ነው ቅደም ተከተሉ።

አዲሱ የሚልከውን የመጀመሪያ ሪፖርት ከርክክቡ ወረቀት ጋር አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጡ። የተረከበው መያዣ እንደ መያዣ ተመዝግቧል ወይስ ገቢ ሆኖ ገብቶ ለእናንተ ተልኳል? ይህ ስህተት ከሚገመተው በላይ ያጋጥማል፤ ባለቤቱ "ጥሩ ወር" ብሎ ያጠፋዋል፣ ተከራዩ ሲወጣ ከኪሱ ይከፍላል። አስቀድሞ የተከፈለ ኪራይ ያላቸው ተከራዮች እንደ ውዝፍ ተቆጥረው ማስጠንቀቂያ እንዳይደርሳቸው እዩ። የአስተዳደር ክፍያው ከተሰበሰበው መቆረጡን በእጃችሁ አስሉ። የኪራይ ውሎቹ የሚያልቁበት ቀን ወደ አዲሱ ሲስተም ሲገባ ተሳስቶ ሊጻፍ ስለሚችል አንድ በአንድ አመሳክሩ። በሁለተኛው ወር ሁለት ተከራዮች ጋ ደውላችሁ የጠየቁት ጥገና በስንት ቀን እንደተሠራላቸው ጠይቁ። በሦስተኛው ወር ሦስቱን የመያዣ ቁጥሮች እንደገና አስተያዩ፤ የአሮጌውን ፋይል ግን የመጨረሻው በእሱ ጊዜ የገባ ተከራይ ወጥቶ፣ መያዣው ተመልሶ፣ ሕጉ ሰነድ እንዲቆይ የሚያዘው ዓመት እስኪያልፍ ድረስ አትጣሉት።